ከኳርክ እስከ ኮምፒውተር ትል፦ ክፍት የጥያቄና መልስ ጊዜ

ዛሬ ጥያቄ የምቀበለው በሁለት ጉዳይ ነው፦ ፊዚክስ እስካሁን ባልመለሳቸው የመሠረታዊ ቅንጣቶች ጥያቄዎች፣ እና እንደ ወረርሽኝ በተዛመቱ የኢንተርኔት ቫይረሶች። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ላላችሁ፣ ትንሽ ታገሡ፤ አንድ ጠያቂ አንሥቶታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አቶም አይከፈልም ተባልን፤ ተከፈለ። ፕሮቶንም ውስጡ ሌላ ነገር ተገኘበት። አሁን ኳርክ ላይ ቆመናል። ነገ እሱም አይከፈልም ያለው ማነው?

መልስ፦ ማንም አላለም። "መሠረታዊ" ማለት "እስከ ዛሬ በተለካው ሁሉ ውስጡ ምንም አልታየም" ማለት ብቻ ነው። ኳርክና ኤሌክትሮን የፕሮቶንን ስፋት አንድ ሺህኛ በሚያክል ርቀት ተፈትሸው እንኳ እንደ ነጥብ ነው የሚታዩት። አሁን በእጃችን ያለው ዝርዝር 17 ቅንጣቶች አሉት፦ ስድስት ኳርኮች፣ ስድስት ሌፕቶኖች (ኤሌክትሮን፣ ሙዎን፣ ታውና የየራሳቸው ኒውትሪኖ)፣ አራት መስተጋብር አስተላላፊዎች (ፎቶን፣ ግሉዎን፣ ደብልዩ፣ ዜድ) እና ሂግስ።

የሚያስጠረጥረው የዝርዝሩ ርዝመት አይደለም፤ ቁጥሮቹ ናቸው። ይህን ዝርዝር የያዘው፣ "ስታንዳርድ ሞዴል" የሚባለው ቲዮሪ ራሱ የማያሰላቸው፣ በመለኪያ ተገኝተው ከውጭ የሚገቡለት ቁጥሮች ቢያንስ 19 ናቸው። በ1995 የተገኘው ቶፕ ኳርክ ብቻውን አንድ ሙሉ የተንግስተን አቶም ያህል ይመዝናል፤ ከኤሌክትሮን ከ300 ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሁለቱም "ነጥብ" ናቸው። ለምን እንዲህ ተራራቁ? ለምንስ ኳርኮችም ሌፕቶኖችም በሦስት በሦስት ትውልድ መጡ? የምናውቀው ዓለም ለመሠራት የመጀመሪያው ትውልድ ይበቃው ነበር። ለእኔ ከክፍት ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ግን ስለ ጨለማ ቁስ የሚወራውን ያህል አይወራለትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ "ሂግስ ቦዞን ነው ክብደት የሚሰጠን" ሲባል እሰማለሁ። እሱ ባይኖር ሚዛን ላይ ስወጣ ዜሮ ያሳየኛል?

መልስ፦ አያሳይህም። ሒሳቡን እንየው። ፕሮቶን 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይመዝናል (ቅንጣቶች የሚመዘኑት በዚህ መለኪያ ነው)። ውስጡ ያሉት ሁለት አፕ ኳርኮች እያንዳንዳቸው 2.2፣ አንዱ ዳውን ኳርክ 4.7 ገደማ ናቸው። ድምሩ 9 ነው። የቀረው 929 የሚመጣው ኳርኮቹን አስሮ ከያዘው የግሉዎን መስክና ከራሳቸው መራወጥ ነው፤ የታመቀ ኢነርጂ ሚዛን ላይ ክብደት ሆኖ ይነበባል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሂግስ ድርሻ ከአንድ ኪሎ በታች ነው።

ያቺ ትንሽ ድርሻ ባትኖር ግን ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ አልባ ይሆንና በኒውክሊየስ ዙሪያ አይረጋም፤ አቶም አይኖርም። ስለዚህ ዜሮ የሚያሳይ ሚዛንም፣ ላዩ ላይ የሚወጣ ሰውም አይገኝም።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ "ፊዚክስ ተናወጠ" የሚል ዜና ይመጣል፤ ከዚያ ዝም። ውሸት ነው ወይስ ይደበቃል?

መልስ፦ አይደበቅም፤ ሲፈርስም በይፋ ነው የሚፈርሰው። ዜናው ግን ሲፈርስ አይመጣም።

ቅንጣት ፈታሾች "ተገኘ" የሚሉት ውጤቱ አምስት ሲግማ ሲደርስ ነው፤ የተባለው ነገር በሌለበት በአጋጣሚ ብቻ ያን ያህል የመታየት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ሲሆን ማለት ነው። ሦስት ሲግማ ለተራ ሰው ትልቅ ይመስላል (ከ700 ገደማ አንድ)፤ ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ግራፎች በሚታዩበት ላብራቶሪ ሦስት ሲግማ በየጊዜው ይበቅላል። በዲሴምበር 2015 በሰርን (ጄኔቫ አጠገብ ያለው የአውሮፓ የቅንጣት ላብራቶሪ) ያሉት አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉ ሙከራዎች ሁለቱም 750 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ትንሽ ጉብታ አዩ። ምክንያቱን ለማስረዳት በመቶ የሚቆጠሩ የቲዮሪ ጽሑፎች ተጻፉ። በኦገስት 2016 ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። የተሳሳተ ሰው አልነበረም፤ ዕጣ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት የመሣሪያ ስህተት ነው። በሴፕቴምበር 2011 የኦፔራ ቡድን ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሊያን ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖዎች ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው እንደደረሱ አስታወቀ። ምክንያቱ በኋላ ሲገኝ፣ የጂፒኤስ ሰዓት የሚያመጣው የፋይበር ገመድ ማያያዣ በደንብ ጠብቆ አልገባም ነበር። የላላ ማያያዣ ብርሃን ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲቀንስ ተቀባዩ ምልክቱን "ደረሰ" የሚልበት ጊዜ ይዘገያል፤ ሰዓቱ ሲዘገይ ኒውትሪኖው የቀደመ ይመስላል። የሰዓቱ ማወዛወዣም ትንሽ ፈጥኖ ይሄድ ስለነበር ያ ስህተት በተቃራኒው ይጎትት ነበር፤ ሁለቱ ከፊል ተጣፍተው ነው 60 የቀረው። ቡድኑን አንዳንዶች ይስቁበታል። እኔ አልስቅም፤ "ስህተታችንን ፈልጉልን" ብለው ነው ያወጡት።

ሦስተኛው ዓይነት መለኪያው ልክ ሆኖ ስሌቱ ሲያጠራጥር ነው። የሙዎን ማግኔታዊነት ጉዳይ በ2021 ከቲዮሪው 4.2 ሲግማ ርቆ ነበር። የአሜሪካው የፌርሚላብ ላብራቶሪ የመጨረሻ ውጤት በጁን 2025 ሲወጣ መለኪያው በጣም ጠርቶ ያው ቦታ ላይ ቆመ፤ የተንቀሳቀሰው ቲዮሪው ነው። ከአዲሱ ስሌት ጋር ልዩነቱ ጠበበ። የቀድሞው ስሌት ለምን ከአዲሱ እንደተለየ ግን ገና አልተፈታም፤ አሁን ክፍቱ ጥያቄ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኒውትሪኖ ክብደት አለው ወይስ የለውም?

መልስ፦ አለው፤ ስንት እንደሆነ ነው ያልታወቀው። ጃፓን ውስጥ በ50 ሺህ ቶን ውኃ የተሞላው ሱፐር ካሚዮካንዴ በ1998 ኒውትሪኖዎች በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን እንደሚቀይሩ አሳየ፤ መቀየር የሚቻለው መጠነ ቁስ ካለ ብቻ ነው። ጀርመን ካርልስሩህ ያለው ካትሪን የሚባለው ሙከራ ደግሞ ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት እንደማይበልጥ ወስኗል፤ የኤሌክትሮንን ሚሊዮንኛ አያክልም። ኒውትሪኖ የራሱ ፀረ-ቅንጣት ይሁን አይሁንም አልታወቀም።

ሱፐር ካሚዮካንዴን ካነሣሁ፣ በኖቬምበር 2001 ውኃ እየተሞላ ሳለ አንድ የብርሃን መቀበያ አምፑል ፈነዳ፤ የፈጠረው የግፊት ሞገድ ጎረቤቱን አፈነዳ፣ ያም ቀጣዩን። ከ11 ሺህ በላይ ከነበሩት አምፑሎች ከግማሽ በላዩ በሴኮንዶች ውስጥ አለቀ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አምፑል መከለያ ተደረገለት። አንዱ የሚነካው ሌላውን የሚነካበት ሂደት ለሚቀጥሉት ጥያቄዎች ጥሩ መግቢያ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ርዕስ ማን አጋባቸው? ፊዚክስና ቫይረስ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የፊዚክስ ላብራቶሪዎች ከብዙዎች ቀድመው በኔትወርክ ስለተያያዙ ትልም (በራሱ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዛመት ፕሮግራም) ቶሎ ጎበኛቸው። ሄፕኔት የሚባለው የከፍተኛ ኢነርጂ ፊዚክስ ኔትወርክና የናሳው ስፓን በአንድ የዴክኔት ሥርዓት የተሳሰሩ ነበሩ። በዲሴምበር 1988 የገና መልካም ምኞት የሚያደርስ ትል ገባባቸው። በኦክቶበር 1989 ደግሞ ጋሊልዮ የተባለችው መንኮራኩር ፕሉቶኒየም ይዛ ልትመጠቅ በተቃረበችበት ሰሞን "ዋንክ" የተባለው ፀረ-ኑክሌር መፈክር ያነገበ ትል መጣ። ፋይል እያጠፋሁ ነው እያለ ያስፈራራ ነበር እንጂ አያጠፋም ነበር።

እንዴት ገባ? የይለፍ ቃላቸው ከተጠቃሚ ስማቸው ጋር አንድ የሆኑ ወይም ባዶ የሆኑ አካውንቶችን እየሞከረ። ሌላ ጥበብ አልነበረውም። መድኃኒቱም እንዲሁ ቀላል ነበር፤ ትሉ ማሽኑ ላይ የራሱ ቅጂ መኖሩን የሚያጣራው በሂደቱ ስም ስለነበር በዚያው ስም ባዶ ሂደት ማስነሣት በቂ ነበር፤ "ወንድሜ እዚህ አለ" ብሎ ይወጣል።

በዚያው በ1989 ሰርን ውስጥ ቲም በርነርስ ሊ የድረ ገጽን ሐሳብ አቀረበ። በ1993 ኤፕሪል 30 ሰርን ለሁሉም በነጻ ለቀቀው።

ጥያቄ፦ በፍጥነቱ የከፋው የትኛው ነው? በቫይረስና በትል መካከል ያለውን ልዩነትም ግለጹልኝ።

መልስ፦ ቫይረስ ፋይል ላይ ተለጥፎ ሰው እስኪከፍተው ይጠብቃል፤ ትል በራሱ እግር ይሄዳል። በሜይ 2000 የተነሣው የፍቅር ደብዳቤ ሰው እንዲጫነው ይፈልግ ነበር፤ ዊንዶስ የፋይሉን የመጨረሻ ቅጥያ ስለሚደብቅ ፕሮግራሙ ተራ ጽሑፍ መስሎ ይታይ ነበርና ሰው ተጫነው።

በፍጥነት ግን የ2003ቱን ስላመር የሚያህል የለም። በጃንዋሪ 25 በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ እየሆነ፣ ሊያዙ ከሚችሉት ማሽኖች 90 በመቶውን በ10 ደቂቃ ውስጥ ያዘ። መጠኑ 376 ባይት ነው፤ ይህን አንቀጽ እንኳ አያክልም። በአንዲት የዩዲፒ ፓኬት ፖርት 1434 ላይ ይላካል፤ ዩዲፒ ስለሆነ "ደረሰህ ወይ?" ብሎ መልስ አይጠብቅም፤ ፍጥነቱን የሚገድበው የመስመሩ ስፋት ብቻ ነው። በ2001 የመጣው ኮድ ሬድ እጥፍ ለመሆን 37 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ስላመር ዲስክ ላይ ምንም አይጽፍም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ይሞታል፤ መጠገኛው ካልተጫነ ግን ወዲያው ተመልሶ ይያዛል። መጠገኛው ከስድስት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው ያልጫነው ስንፍና ብቻ ይዞት አይደለም፤ ትሉ የሚገባበት የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ሞተር በሌሎች ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ተጭኖ ስለሚመጣ በማሽኑ ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ትል ሠሪ ጉዳት አላሰበም ይባላል። እውነት?

መልስ፦ የ1988ቱን የሞሪስ ትል ማለትዎ ነው። የገደለው አንድ ቁጥር ነው፤ ትሉ ማሽኑ ላይ ቀድሞ ቅጂ ቢያገኝም ከሰባት አንድ ጊዜ ያም ሆኖ ገብቶ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር፤ በሐሰተኛ ቅጂ እንዳያታልሉት። ሰባት በጣም ትንሽ ነው። ማሽኖቹ ደጋግመው እየተያዙ ሥራ መሥራት አቃታቸው። ሠሪው የሦስት ዓመት ገደብ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን ላብ 30 ኮምፒውተር አለው፤ ሁሉም ዊንዶስ 7። ዋናክራይ ዛሬም ያሰጋናል? መጠገኛውን ጭነን ነበር፤ በሳምንቱ "የለም" ይላል።

መልስ፦ ያሰጋችኋል። ዋናክራይ (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ትል) በሜይ 12 ቀን 2017 ሲነሣ ከተያዙት ማሽኖች አብዛኞቹ ዊንዶስ 7 ነበሩ፤ መጠገኛው የወጣው በማርች 14 ነው። የእናንተ መጠገኛ የሚጠፋው ምናልባት ዲፕ ፍሪዝ የሚባለው ፕሮግራም ስላለ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል፤ ቫይረሱን ሲያጠፋ መጠገኛውንም አብሮ ያጠፋል።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የሁሉንም የኔትወርክ ገመድ ንቀሉ። ሰርቪስ ፓክ 1 መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ቀጣዩ አይጫንም። ኬቢ4012212 የተባለውን መጠገኛ በንጹሕ ማሽን አውርዱ፤ 32 ቢትና 64 ቢት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ዲፕ ፍሪዝን ክፈቱ፤ ጫኑ፤ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡ፤ በተጫኑት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያ ዝጉት። 30ውም ሳያልቅ አንዱንም ወደ ኔትወርክ አትመልሱ፤ ያልተጠገነ አንድ ማሽን ካለ ቀዳዳው እሱ ነው። ማሽኖችን ከጎስት ኢሜጅ (ከተቀመጠ ሙሉ የዲስክ ቅጂ) የምትመልሱ ከሆነ ኢሜጁንም አድሱ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ብልሽት አሮጌውን ቀዳዳ ራሳችሁ መልሳችሁ ትተክላላችሁ። በራውተሩ ላይ ፖርት 445ን ከውጭ ዝጉ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የዋናክራይ ማቆሚያ የሆነውን የድረ ገጽ ስም "የቫይረስ ነው" ብላችሁ አትዝጉ። ትሉ ያንን አድራሻ ሲደውል መልስ ካገኘ ይሞታል፤ ካላገኘ ይቀጥላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች አድራሻውን በመዝጋታቸው ራሳቸው ቀሰቀሱት።

ዊንዶስ 7 መደበኛ መጠገኛ ማግኘት ያቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ዊንዶስ 10ም በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ማሽኖቹ ዊንዶስ 11 ካልቻሉ ሊኑክስ ይጫንባቸው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ መብራት መጥፋት ኩባንያ አድኗል የሚባለው ቀልድ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ትል ከዩክሬን በኤም.ኢ.ዶክ የሒሳብ ሶፍትዌር ማደሻ በኩል ተነሥቶ የዴንማርኩን መርከብ ኩባንያ ሜርስክን አወደመ፤ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና ተጫነ። የሁሉም ሠራተኛ መለያ የሚቀመጥባቸው ሰርቨሮች እርስ በርስ እየተገለበጡ ስለሚሠሩ አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ነው ተብሎ ነበር። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲጠፉ መጠባበቂያ የሚባል አልቀረም። የተረፈው ጋና ያለው ብቻ ነበር፤ ትሉ ሲዞር እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበርና። እርስ በርስ የሚገለባበጥ ነገር ባክአፕ አይባልም፤ ባክአፕ ገመዱ የተነቀለ ነው።

ጥያቄ፦ የጁላይ 2024ቱ ክራውድስትራይክ የትኛው ቫይረስ ነበር?

መልስ፦ ቫይረስ አልነበረም። የጥበቃ ሶፍትዌሩ ራሱ የተበላሸ ማደሻ ልኮ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶስ ማሽኖችን ጣለ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ፍላሽ ማተሚያ ቤት ሰክቼ ስመለስ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ ፋይሎችሽ አሉ። ትሉ ፎልደሮቹን ደብቆ በስማቸው ሾርትከት ተክቷል፤ ሾርትከቱን ስትጫኚ ትሉም ይነሣል ፎልደሩም ይከፈታል፤ ስለዚህ አይታወቅሽም። አትጫኚው። በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጪ፤ "የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን ደብቅ" ከሚለውም ላይ ምልክቱን አንሺ። ሁለተኛውን ካላነሣሽ አይታዩም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው "ጠፍቷል" ብሎ ፎርማት የሚያደርገው። ፎልደሮቹን እንዳሉ አትገልብጪ፤ የመደበቅ ምልክታቸው አብሮ ይሄዳል። አዲስ ፎልደር ከፍተሽ ውስጣቸው ያለውን ብቻ ገልብጪ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጊ። ሊኑክስ ያለው ጓደኛ ካለሽ ሁሉም በቀላሉ ይታያል።

ፍላሹ ከታከመ በኋላ ኮምፒውተርሽ ላይ ስትሰኪው እንደገና ሾርትከት ከሆነ ታማሚው ኮምፒውተርሽ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ የሚሮጥ የስክሪፕት ማስኬጃ ፈልጊ፣ አቁሚው፣ ከማስነሻው ዝርዝርም አውጪው፤ ከዚያ በፀረ-ቫይረስ ሙሉ ፍተሻ አድርጊ።

ጥያቄ፦ ከጠፈር የሚመጣ ቅንጣት ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በ2003 ቤልጂየም ስካርቤክ በኤሌክትሮኒክ ምርጫ ላይ አንድ ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ አገኘች። ቁጥሩ ሁለት በራሱ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ነው፤ ማለትም ሚሞሪ ውስጥ አንዲት ቢት ብቻ ከዜሮ ወደ አንድ ተገልብጣለች። የጠፈር ጨረር ተጠርጥሯል፤ አልተረጋገጠም። ከፍታ ሲጨምር ጨረሩ ይጨምራል፤ እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ለምድር ወገብ መቅረባችን ግን የምድር ማግኔት በደንብ እንዲከላከልልን ያደርጋል።

ቢሆንም ኮምፒውተርህ በቀን ሦስቴ ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ ጠፈርን አትክሰስ። የሚሞሪ መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አስኪድ። ስህተቱ ያው አድራሻ ላይ ከተደጋገመ ራሙ ተበላሽቷል፤ አውጥተህ የወርቅማውን ጥርስ በላጲስ አጽዳና መልሰህ ሞክር። ቅንጣት ሁለቴ አንድ ቦታ አይመታም።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቅንጣት ለተማሪዎች በዓይን ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ የደመና ሳጥን ይሥሩ። በባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ሙዎን ገደማ ይወርዳል፤ መዳፍዎን ሲዘረጉ በየሰከንዱ አንድ ያልፍበታል ማለት ነው።

የሚያስፈልግዎ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክዳን የሌለው የመስታወት ሳጥን (ትንሽ የዓሣ ገንዳ ይሆናል)፣ ጥቁር የተቀባ የብረት ሳህን፣ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ሁለት ሦስት ኪሎ ደረቅ በረዶ ነው። ጨርቁን በሳጥኑ ወለል ላይ በሽቦ ያስሩ፤ ማጣበቂያ አልኮሉ ያሟሟዋል። ጨርቁን በአልኮሉ ያርሱ፤ ሳጥኑን ገልብጠው ሳህኑ ላይ ያስቀምጡ፤ ጨርቁ አሁን ከላይ ነው። ዙሪያውን በፕላስቲሊን ይድፈኑ። ሳህኑን በደረቁ በረዶ ላይ ያሳርፉ፤ ክፍሉን አጨልመው ከጎን በባትሪ ያብሩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ።

ቀጥ ያለ ረጅም ቀጭን መስመር ሙዎን ነው፤ አጭርና ወፍራም አልፋ፤ የተጠማዘዘው ኤሌክትሮን። ምንም ካልታየ በመጀመሪያ ድፍኑን ይፈትሹ፤ አየር ከገባ ደመናው ይረበሻል። ሁለተኛ አልኮሉን፤ ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶው አይሠራም፤ ውኃው ይቀዘቅዝና ያደናቅፋል። ሦስተኛ ብርሃኑን፤ ከላይ ካበሩ አይታይም፣ ከጎን ዝቅ ብሎ መሆን አለበት። አልኮሉ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሻማና ክብሪት አይጠጋ። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነውና ያለ ጓንት አይነካም፤ በተዘጋ ክፍልና በተከደነ ዕቃ ውስጥም አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ መምህሩ የጠየቁትን ልሞክር ነው፤ ደረቅ በረዶ ካጣሁስ? የፍሪጅ በረዶ ጨው ብጨምርበት?

መልስ፦ በረዶና ጨው የሚያወርደው ከዜሮ በታች 20 ገደማ ድረስ ነው፤ አይበቃም። ከታች በኩል ቢያንስ ከዜሮ በታች 30 አካባቢ ያስፈልጋል። ሁለት የፔልቲየር ሳህኖች (በኤሌክትሪክ አንዱ ፊታቸው የሚቀዘቅዝ ሌላው የሚሞቅ) ደራርቦ በኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ማስኬድ ይቻላል። ከታች የሚሆነው ሳህን ከላይኛው ጠንከር ያለ ይሁን፤ የላይኛውን ሙቀትም የሚያወጣው እሱ ነው። የትኛው ፊት እንደሚሞቅ ሳትገጥመው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ አብርተህ በጣትህ አረጋግጥ። የሚሞቀው ፊት ላይ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ከፋኑ ጋር በቴርማል ፔስት ካልተገጠመ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። የምታየው ቦታ የሣንቲም ስፋት ነው የሚሆነው፤ አንድ መስመር ለማየት ትንሽ ትጠብቃለህ።